«ጎጃም ባቡር አልነበረባትም» ለተባልንበት መልስ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለቀድሞው ምድር ባቡር ጣቢያዎች፣ መዛግብትና ንብረት ኃላፊነት ላለበት መሥሪያ ቤት
ለክቡር የበላይ ኃላፊ
ግልባጭ፦ ጉዳዩ ለሚገደው ሁሉ

ክቡር ሆይ፤

ጤና ይስጥልን። እኛ በደብረ ማርቆስ፣ በደጀን፣ በብቸናና በቡሬ የምንኖር የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኞች፣ የሟች ሠራተኞች ባለቤቶችና ልጆች ነን። በጠቅላላው አሥራ አንድ ቤተሰብ እንሆናለን። ማኅበር አላቋቋምንም፤ ማኅተምም የለንም። የመጀመሪያው ደብዳቤያችን «ማኅተም የለውም» ተብሎ ስለ ተመለሰ ይህን አስቀድሞ መናገሩ ሳይሻል አይቀርም። ሁለተኛው የት እንደ ገባ አናውቅም። ሦስተኛው ከሰባት ወር በኋላ መልስ አገኘ፤ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ያስጻፈንም ያው መልስ ነው።

የመሥሪያ ቤታችሁን ስም ከአድራሻው ላይ ያልጻፍነው በድፍረት አይደለም። የባቡሩ ንብረት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የባለቤቱም ስም አብሮ ሲለዋወጥ ኖሯል፤ ስም ጠርተን «ይህ እኛን አይደለም» እንዳይባል ፈራን። የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ እናንተ ታውቁታላችሁ።

የጠየቅነው ከባድ ነገር አልነበረም። ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ ከነበሩት ትናንሽ ጣቢያዎች በአንዷ አባቶቻችን ሠርተዋል፤ ከእኛም ገሚሱ የተወለድነው እዚያው ነው። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ጣቢያዋ ተዘግታለች። መዛግብቷ የት እንዳሉ እንዲነገረን፣ ካሉም አይተን ቅጂ እንድንወስድ፣ ቤቱም ድንጋይ በድንጋይ ተነቅሎ ከማለቁ በፊት አንድ ሰው ሄዶ እንዲያየው ነበር የለመንነው። የመጣልን መልስ አምስት መስመር ነው፤ ፍሬ ነገሩ ደግሞ በአንዱ ያልቃል፦ ጣቢያዋ በክልላችሁ አትገኝም፣ ጎጃምም ባቡር አልነበረባትም፣ ስለዚህ ጉዳዩ አይመለከታችሁም።

ጎጃም ባቡር እንዳልነበረባት ነጋሪ አንሻም። ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም የገባ ሀዲድ የለም። እንዲያውም በእኛ ገጠር «ባቡር» ሲባል ለሰው ቶሎ የሚታሰበው ወፍጮ ነው፤ እህሉን በአህያ ጭኖ «ባቡር ቤት ደርሼ ልምጣ» የሚል ዛሬም አይጠፋም። ይህን ደብዳቤ በሁሉም ስም የምጽፈው የእኔ አባት በ1970 ዓ.ም. ጡረታ ወጥቶ ደጀን አካባቢ ወዳለው አገሩ ሲመለስ «ሠላሳ ስድስት ዓመት ባቡር ቤት ሠራሁ» ቢላቸው፣ የሰፈሩ ሰዎች «ታዲያ የሠላሳ ስድስት ዓመቱን ዱቄት የት አደረስከው?» ብለው ስቀውበታል። እስኪሞት ድረስ «ዱቄቴን አምጡ» እያለ ራሱም ይቀልድበት ነበር።

ሀዲዱ ጎጃምን አልረገጠም፤ ጎጃሜው ግን ሀዲዱን ረግጦታል። በሚያዝያ 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ከአዲስ አበባ በባቡር ተሳፍረው ወደ ጅቡቲ ከወረዱት መኳንንት አንዱ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። የእኛን ጣቢያ በመስኮት አይተው አልፈዋል ማለት ነው፤ ልብ ባይሏትም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚሁ ባቡር ከመናገሻቸው ወጥተው ተሰደዱ። ሲመለሱ ደግሞ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው በበላያ፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ በኩል አድርገው ነው አዲስ አበባ የደረሱት። በባቡር ወጡ፣ በጎጃም ተመለሱ። አባቴ ያን ጊዜ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ጦሩን ተከትሎ ወጣ፤ አዲስ አበባ ደርሶ ጠመንጃውን ካስረከበ በኋላ የሚበላው ሲያጣ ለገሀር ሄዶ የጫኝነት ሥራ ለመነ። ከጫኝነት ወደ ሀዲድ ጠባቂነት፣ ከሀዲድ ጠባቂነት ወደ ጣቢያ ረዳትነት፣ በመጨረሻም ወደ ጣቢያ ሹምነት ደረሰ። የቡሬው ባልደረባችን አባትም ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። ታዲያ ይህ ጉዳይ የማይመለከተን የትኛውን ወሰን ስንሻገር ነው?

በነገራችን ላይ፣ በአገሪቱ የባቡር መረብ ዕቅድ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወረታ ወደ ወልዲያ የሚዘልቅ መስመር ተሥሎ አይተናል። ሀዲዱን ገና አላየነውም፤ ካርታው ግን ባቡር ጎጃምን እንደሚመለከት ያሰበ ሰው እንደ ነበረ ያሳያል።

ስለ ጣቢያዋ ጥቂት እንበል፤ የደብዳቤያችሁ ጸሐፊ የምን ነገር እንደ ጠየቅን የገባው አልመሰለንም። አጼ ምኒልክ የባቡሩን ውል በ1886 ዓ.ም. ሰጡ፤ ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሀዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ላይ ኩባንያው ከሰረና ሥራው ለዓመታት ቆመ። አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ እንደገና ተነሣና በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሀዲዱ ስፋት አንድ ሜትር። የእኛ ጣቢያ የዚህ የሁለተኛው ዙር ሥራ ልጅ ናት። ባቡር ከመምጣቱ በፊት በዚያ ቦታ መንደር አልነበረም። መጀመሪያ ጣቢያው፣ ቀጥሎ የሠራተኛው ቤት፣ ቀጥሎ ሻይ ቤቱ፣ በመጨረሻ መንደሩ መጣ። ስሟን የማንጠራው ግን ሆን ብለን ነው። ስሟን ብንጠራ መልሱ ስለ አንዲት ጣቢያ ብቻ ይሆናል፤ እኛ የምንለው በአዋሽና በድሬዳዋ መካከል ብቻ እንኳ ለብዙዎቹ ይሠራል።

ሰዎች ትንሽ ጣቢያ ሲባል ትኬት የሚቆረጥበት መስኮት ይመስላቸዋል። ትኬቱ ትንሹ ሥራ ነበር። መስመሩ ነጠላ ነው፤ የሚወጣውም የሚወርደውም በዚያው አንድ ሀዲድ ላይ ነው። ባቡር ከባቡር የሚተላለፈው ጣቢያ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን ሀዲድ ገብቶ ሌላውን ሲያሳልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የጣቢያ ሹም ባቡሩን ከመልቀቁ በፊት በግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ እጀታውን አዙሮ ቀጣዩን ጣቢያ ይጠራል፦ «መስመሩ ነፃ ነው ወይ?» መልሱን በመዝገብ ያሰፍራል፤ ሰዓቱን ከነደቂቃው ይጽፋል፤ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ነው በረንዳው ላይ የተሰቀለችውን ቁራጭ ሀዲድ በመዶሻ የሚመታው። የእኛ ደወል እሷ ነበረች። ድምፅዋ ሜዳውን አቋርጦ ፍየል ጠባቂዎቹ ጋ ይደርስ ነበር፤ ሴቶቹም ሻዩንና የተቀቀለውን እንቁላል ይዘው ይሮጣሉ። ኤረር ላይ ብርቱካን ነበር የሚሸጠው፤ እኛ ጋ ብርቱካን አልነበረም፤ እንቁላልና የግመል ወተት ነበር። ፈጣኑ ባቡር ደግሞ አይቆምም፤ አቧራውን ጥሎልን ያልፋል።

አባቴ ሌሊት ባቡር ካለ አይተኛም። መኝታ ቤታችንና የስልኩ ክፍል በአንድ ግድግዳ የሚለያዩ ስለ ነበሩ፣ በእንቅልፍ ልቤ እየደጋገምኩ የሰማሁት የልጅነቴ ድምፅ «ነፃ ነው… ጻፍኩ… ፈረምኩ» የሚለው ነው። ፈረንሳይኛውን ትምህርት ቤት ሳይገባ በጆሮው ለቅሞ ነው ያወቀው፤ «ቦንዡር» ሲል እንኳ የደጀን ቅላጼው አይለቀውም ነበር።

እንግዲህ ቅሬታችንን እንናገር።

አንደኛው ስለ መዛግብቱ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለታችን ይቅር ይባልልን። በ2006 ዓ.ም. ከአንድ የደጀን ባልደረባዬ ጋር ጣቢያዋን ለማየት ሄጄ ነበር። ባቡሩ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለስ ካቆመ ያን ጊዜ ስድስት ዓመት ገደማ ሆኖታል። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጣራ ቆርቆሮ ግማሹ የለም። በተረፈው ግማሽ ሥር ጀርባቸው በሸራ የተለበጠ ትላልቅ መዛግብት ተደርድረው፣ ላያቸው ላይ የፍየል ጠጠር ሞልቶበት አየን። ጠባቂ የለም፤ በር የለም። ከዚያ መንደሩ መሐል ወዳለች ሻይ ቤት ገብተን ኦቾሎኒ ብንገዛ ሴትየዋ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችን። ኦቾሎኒውን አፍስሼ ወረቀቱን ስዘረጋው ዓምዶቹ በፈረንሳይኛ የታተሙ፣ ጽሕፈቱ በአማርኛ ነው። የባቡሩ ቁጥር፣ የደረሰበት ሰዓት፣ የተነሣበት ሰዓት፣ የፉርጎው ብዛት 14፤ በማስታወሻው ዓምድ ላይ «ሁለት በግ ሞቶ ወርዷል፤ ባለቤቱ ፈርሟል» ይላል። ዓመቱ 1962። የ«ጠ» እግር ከመስመሩ በታች እንደ ጅራት ተጎትቷል። እንዲህ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ፊርማውን ሳላይ የአባቴ ጽሕፈት መሆኑን አወቅሁ።

ሴትየዋን ወረቀቱን ከየት እንዳመጣች ብጠይቃት ደነገጠች። ከዚያ «ከጣቢያው ነው፤ የሚከለክል የለማ» አለች። እውነቷን ነው። እርሷን የሚወቅስ ሰው ቢገኝ እኔ ጠበቃ ሆኜ እቆምላታለሁ፤ እርሷ ቢያንስ ጠቅልላበታለች።

ከዚያ ወዲህ ስለ መዛግብቱ ሦስት መልስ ሰምተናል። አንዱ ክፍል «ወደ ድሬዳዋ ተወስደው በመጋዘን አሉ» አለን። ሌላው «አገልግሎታቸው ስላበቃ ተወግደዋል» አለን። ሦስተኛው ደግሞ «ከነጭራሹ ርክክብ አልተደረገባቸውም» አለ። ሦስቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ተወግደው ከሆነ፣ በምን ቀንና በማን ውሳኔ? በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የተቋቋመ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያለው አገር ነው ያለን፤ የመንግሥት መዝገብ የመጋዘን ሹም ደስ ባለው ቀን የሚጥለው ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ቅሬታችን የአንዲት እናት ነው። እኚህ እናት ደጀን ይኖራሉ፤ ባለቤታቸው ሀዲድ ጠጋኝ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ መጥቶ ድልድዮች ሲሰበሩና መስመሩ ሲቋረጥ ብዙ ሰው ሸሸ። ባለቤታቸው ግን ጣቢያዋን ትተው አልሄዱም። አባቴ፣ እርሳቸውና አንድ ዘበኛ ሆነው የስልኩን ክፍልና የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ሲጠብቁ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩና እንጨቱን የምለቅመው እኔ ነበርኩ። የእነዚያ ወራት የሥራ መዝገብ ግን ከጣቢያዋ አልወጣም። ስለዚህ በዋናው የሠራተኛ ማኅደር ላይ ሰውየው በእነዚያ ወራት «በሥራ ገበታው ያልተገኘ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። አገልግሎታቸው ሲቆጠር ያ ጊዜ ተቀነሰ። ሽሽት ቢሄዱ ኖሮም የሚጻፍባቸው ይኸው ነበር፤ ልዩነቱ አልሸሹም። እኚህ ባልቴት ስለዚህ ነገር ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላልሰዋል። ሦስተኛው ጉዞ መንገዱ እንደ ልብ በማይኬድበት በዚህ ጊዜ ነበር፤ ደርሰው የተነገራቸው «ከጣቢያው ማስረጃ ያምጡ» የሚል ነው። የትኛው ጣቢያ? የተዘጋው። ማስረጃውን የያዘው ማን ነው? ማስረጃ አምጡ የሚለው መሥሪያ ቤት። የገንዘቡ መጠን ብዙ አይደለም። እርሳቸውም የሚሉት «ገንዘቡ ይቅር፤ ሸሸ የተባለውን አንሡልኝ» ነው።

ሦስተኛው የአዋሹ አደጋ ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው ባቡር አዋሽ አጠገብ መታጠፊያው ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሀዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹም ገደል ወረዱ። የሞተው ሰው ከ400 በላይ እንደ ነበረ በየጊዜው ተጽፏል። ከእኛ መካከል የብቸናው ቤተሰብ አንድ ወንድም አጥቶበታል። ይህ ቤተሰብ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተሳፋሪውና የሠራተኛው የስም ዝርዝር ካለ ወንድማቸው በዚያ ውስጥ መኖሩን በዓይናቸው እንዲያዩ። አስከሬን አላገኙም፤ ሙት ዓመቱን የሚያወጡት በግምት ነው። የተሰጣቸው መልስ የለም። ስለዚህ ከዚህ በላይ የምንጽፈውም የለንም።

አራተኛው ስለ ቤቱና ስለ ሀዲዱ ነው። አዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ እኛም በቴሌቪዥን ተሰብስበን አይተን እልል ብለናል። ሀዲዱ ሰፊ ነው፤ የአሮጌው ባቡር መንኮራኩር አይገጥመውም፤ ጣቢያዎቹም ከአሮጌዎቹ ርቀው ነው የተሠሩት። ይህ ገብቶናል። አሮጌው ይነሣልን፣ የእኛ ጣቢያ ትከፈትልን አላልንም። የምንለው ሌላ ነው። ለገሀር ያለው በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው ሕንፃ ቆሟል፤ የድሬዳዋው ወርክሾፕም ከነአሮጌ መኪናዎቹ ለጎብኚ ይታያል። ደስ ብሎናል። ትንሿ ጣቢያ ግን ሁለት ክፍል፣ አንድ በረንዳና አንድ የውሃ ታንክ ስለሆነች እንደ ቅርስ አትቆጠርም መሰለን። በ2006 ስንሄድ የማዕዘኖቹ ጥርብ ድንጋዮች መነቀል ጀምረው ነበር፤ ጎን ሀዲዱ ተቆርጦ ሄዷል፤ የብረት አግዳሚዎቹ የአጥር እንጨት ሆነዋል። ደወሏም የለችም። አንድ ክንድ የማትሞላ ቁራጭ ብረት ምን ዋጋ እንዳወጣች እንጃ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሚባለው ነገር ስንት ክፍል እንዲኖረው አይደነግግም።

ከጣቢያዋ በስተ ደቡብ በኩል ሰባት የሠራተኛ መቃብሮች አሉ። የሁለቱ ብቻ ነው ስም ያለው። አንዱ የእኔ ታናሽ ወንድም ነው፤ በወባ የሞተ፣ የሦስት ዓመት ሕፃን። እርሱን ለራሴ ብዬ ጠቀስኩት እንጂ ከጥያቄያችን ውስጥ አይደለም።

አምስተኛው ስለ መልስ አሰጣጣችሁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመንግሥት አካል መረጃ ለጠየቀው ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ ውሳኔውን ማሳወቅ አለበት፤ ጠያቂውም የየትኛው አገር ልጅ እንደ ሆነ አይጠየቅም። እኛን ሰባት ወር አስጠበቃችሁ፤ በመጨረሻም ትውልዳችንን ቆጥራችሁ መለሳችሁን። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ የእኛ ጣቢያ ደግሞ አጥሯም ባለቤቷም አንድ ላይ ተነቀነቁ።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። በመጀመሪያ፣ የተዘጉት ትናንሽ ጣቢያዎች መዛግብት ያሉበት ቦታ በጽሑፍ ይነገረን። ከሦስቱ መልሶች የትኛው እውነት እንደ ሆነ ተለይቶ፣ ተወግደዋል የሚባል ከሆነም የተወገዱበት ቃለ ጉባኤ ቅጂ ይሰጠን። ያሉት ዝናብ ከሚገባበት ቤት ወጥተው ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይተላለፉ፤ እስከዚያው ማንም ወረቀት እንዳይወጣባቸው አንድ ዘበኛና አንድ በር ይደረግላቸው። ዘበኛ የሚቀጠርበት በጀት ከሌለ እኛ አሥራ አንዱ ቤተሰብ የአንድ ዓመቱን ደመወዝ አዋጥተን ለመስጠት ተስማምተናል። ይህን የምንለው ለማሽሟጠጥ አይደለም፤ ገንዘቡን ማስቀመጥ ጀምረናል።

የደጀኗ እናት ጉዳይ ከሌላው ተለይቶ አስቀድሞ ይታይ። የእነዚያ ወራት መዝገብ ካልተገኘ የሰው ምስክር ይሰማ። እኔ አለሁ፤ ዘበኛውም በሕይወት አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን ከዘጠና አልፏልና ቀጠሮው አይርዘም። አዲስ አበባ ድረስ ኑ አትበሉን፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ቃላችንን የሚቀበል አካል ይመደብልን። የአዋሹን አደጋ የስም ዝርዝር በተመለከተ ለብቸናው ቤተሰብ «አለ» ወይም «የለም» የሚል አንድ ቃል በፊርማ ይጻፍለት። ጣቢያዎቹንም አንድ የቅርስ ባለሙያና አንድ የባቡር ሰው አብረው ሄደው ይዩልን፤ ፎቶ ያንሡ፤ ይመዝግቡ። ተጠግኖ የሚቆመው የቱ እንደ ሆነ በየአካባቢው ካሉት ነዋሪዎች ጋር ይወሰን። የጣቢያው ቤት የጤና ኬላ ወይም የንባብ ክፍል ቢሆን ቅር አንሰኝም፤ የፍየል ማደሪያ ከሚሆን ይሻላል። «ጉዳዩ አይመለከታችሁም» የሚለው መስመርም በጽሑፍ ይነሣልን።

በመጨረሻ የምናስረክበው አንድ ነገር አለን። ያቺ ኦቾሎኒ የተጠቀለለባት የ1962 ገጽ በእጃችን ናት፤ በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ተጣጥፋ ተቀምጣለች። የመንግሥት ንብረት ስለ ሆነች ዋናውን እንመልሳለን፤ ለእኛ ቅጂው ይበቃናል። ስትረከቡን ግን በጣቢያው ደንብ ይሁን፤ በመዝገብ ትግባ፣ ሰዓቱ ከነደቂቃው ይጻፍ፣ ተቀባዩም ይፈርምልን።

ከአክብሮት ጋር

የጣቢያ ሹም ልጅና ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር፤
በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም የሚኖሩ የቀድሞ ምድር ባቡር ሠራተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን በመወከል
ደብረ ማርቆስ